የጨመዳ ሽጉጥ በማን እጅ ይደር?

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
መስከረም 24 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሳ አለቃ ወሰኔ ተካ፣ ድሬዳዋ

ጎረቤቴ ድርቤ ተሽሏታል። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልህ ባለፈው ደብዳቤዬ «አትተርፍም» ብዬህ ስለ ነበር፣ በጸሎት አስበሃት ከሆነ ልፋትህ በከንቱ እንዳልቀረ እንድታውቅ ነው። የሚሲዮኑ ሐኪም ደረቷን አዳምጦ መርፌ ሲወጋት ሰነበተ፤ አሁን ሳሉ ቀርቶ ወሬዋ ተመልሷል። ባሏ ታፋ ግን ከበሽተኛዋ ይልቅ እርሱ ከሳ። ሲሬ ያገባችው ልጃቸው ቀለሟ ሴት ልጅ ወልዳለች። ድርቤ ገና ግድግዳ ይዛ እየሄደች «አውቶቡስ ላይ አሳፍሩኝ፣ የልጅ ልጄን ልይ» እያለች ታስቸግረናለች።

አንተስ እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? የድሬዳዋ ሙቀት አላቀለጣችሁም? እኔን ለጤናዬ አትስጋ፣ ሰውነቴ ደኅና ነው። የታመመው ሌላ ነገር ነው፤ እንግዲህ አትሳቅብኝ። በመስቀል ዕለት ሳትኩ።

አንተ እንደምታውቀው ባሌ ነፍሱን ይማረውና ጨመዳ ስድስት ጎራሽ ሽጉጡን ያስተማረኝ ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው፤ በቡና ንግዱ መንገድ ላይ ቢታመም ማን ይጠብቀዋል ብሎ። ባለፈው ሚያዝያ ከቀበርኩት ወዲህ በቅሎዎቹን እየነዳሁ ኑኑ ቁምባ ወርጄ ቡና የማመጣው እኔ ነኝ። ጫካ ውስጥ አድራለሁ፣ አንድ ቅምጫና ቡና ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሌባ የሌለበት አገር ሆኖ እንዳይመስልህ፤ «የጨመዳ ሚስት አትስትም» ስለሚባል ነው። ያ ስም አጥሬ ነው፣ ውሻዬም ነው።

ታዲያ በመስቀል እንደ ልማዳችን ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ወጣቶቹ ከዋርካው ግንድ ላይ ቅል ሰቀሉ። «የጨመዳ ቤት አይቅር» ብለው ጠሩኝ፣ በጥቁር ልብሴ ወጣሁ። ተኮስኩ፣ ቅሉ ንቅንቅ አላለም። ደገምኩ፣ ግንዱ ቅርፊት ተፋ። ሠለስኩ፣ ያው። አንዱ ባለጌ ከኋላ «አዴ በዛብሽ፣ ቅሉ ጤና ይስጥልኝ ይልሻል!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

የጨመዳ ወንድም ባቻ ግን አልሳቀም። እዚያው ሽማግሌው ኦቦ ዋቅወያ ፊት ቆሞ «የወንድሜ መሣሪያ ለወንድሙ ነው የሚገባ። በሴት እጅ መሳቂያ ሆነ» አለ። «ጨመዳ በገዛ እጁ የሰጠኝን ማንም አይወስደውም» አልኩ። ኦቦ ዋቅወያ ጺሙን ሲያሻሽ ቆይቶ ምን ቢፈርድ ጥሩ ነው? በጥር ሚካኤል፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ አገር በተሰበሰበበት አንዲት ጥይት እተኩሳለሁ። ቅሉን ከመታሁ ሽጉጡ እስከ መጨረሻው የእኔ፣ ከሳትኩ የባቻ። እሺ ብዬ መጣሁ። እሺ ከማለት በቀር ምን መንገድ ነበረኝ?

ጥይቱ አርጅቶ ይመስለኛል። አንተ ምልምል ፖሊሶችን ተኩስ የምታስተምር ሰው ነህና በሰው አስይዘህ ደኅና ጥይት ላክልኝ።

እህትህ በዛብሽ


ድሬዳዋ
ጥቅምት 20 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ በዛብሽ፣ ነቀምቴ

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከነልጆቻችን በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። የጎረቤትዎ መዳን ደስ አሰኝቶኛል።

ስለ ጥይቱ፣ የመንግሥት ጥይት ለዘመድ መላክ እንደማይቻል እርስዎም አያጡትም። ስለ ሽጉጡ ግን እንደ ታናሽ ወንድምነቴ የሚመስለኝን ልጻፍ። መሣሪያ ክርክር የሚያመጣ ነገር ነው። በአገር ፊት ከሚዋረዱ ከአሁኑ በፈቃድዎ ለአቶ ባቻ ቢሰጡት ክብርዎ ይጠበቃል። በቅሎዎቹንም እርሱ ቢነዳልዎ ያርፉ ነበር። እትዬ፣ ዕድሜም እየገፋ ነው።

ሰው ካገኙ የወለጋ ቅቤ ቢልኩልን ልጆቹ ይወዳሉ።

ታናሽ ወንድምዎ አምሳ አለቃ ወሰኔ ተካ


ነቀምቴ
ኅዳር 8 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወሰኔ

ለጤናህ እግዚአብሔር ያውቅልህ። ቅቤውን በቅል ሞልቼ፣ አፉን በኮባ አስሬ ለሹፌሩ ልሰጥ ስል ደብዳቤህ ደረሰኝና አንብቤ ቅሉን መልሼ ፈታሁት። ለድርቤ ሰጠኋት፣ ለደረቷ ይሆናታል። ዕድሜ የገፋው ሰው ቅቤ አይልክም።

ተቆጥቼብህ ነው፣ ግን ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ነገሩን በግማሹ ነው የጻፍኩልህ። ባቻ የሚፈልገው ብረቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሰጠው ነበር። ባቻ ዋርሳዬ ነው፣ ሚስቱም ከሞተች ቆይታለች። የሟች ወንድም ባልቴቲቱን ከነቤቷ የሚወርስበት የቆየ ልማድ እንዳለ እዚህ ያደግን ሰዎች አይጠፋንም። ዛሬ ሽጉጡ፣ ነገ በቅሎዎቹ፣ ከነገ ወዲያ እኔ። ክፉ ሰው ነው ብዬህ አይደለም፤ ሠራተኛ ነው፣ አይጠጣም፣ ለወንድሙም ከልቡ አልቅሷል። እኔ ግን አንድ ጊዜ አግብቻለሁ፣ ይበቃኛል። የራሴን በር በራሴ እጅ መዝጋት ለምጃለሁ።

ባለፈው ሲሬ ገበያ አገኘኝ። ቡና እየሰፈርኩ ነበር። እንደቆመ «በዛብሽ፣ ያ ሽጉጥ ከብዶሻል። ልሸከምልሽ» አለ።

«ሽጉጡን ብቻ?» አልኩት።

«ሽጉጡን የያዘውንም እጅ» አለና ፈገግ አለ።

«እጄ አሁን የያዘው ቁና ነው፤ እንግዲያው እርሱን ያዝልኝ» ብዬ ባዶውን ቁና አሸከምኩት። ገበያተኛው ሳቀ፣ እርሱም ጆሮው ቀላ፤ ግን ጨዋ ነው፣ ሰፍሬ እስክጨርስ ቁናውን ይዞ ቆመ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ከእኔም ጠፋ። ጥር ሩቅ አይደለም።

መድኃኒት ያላዘዘልኝ ሰው የለም። የኔታ ጸበል ረጩኝ፣ ሽጉጡንም አብረው ረጩት፤ እንዳይዝግ ቀኑን ሙሉ ስወለውል ዋልኩ። አንዷ «የሰው ዓይን ነው» አለች። ታፋ «ቅሉን ዝቅ አድርገሽ ስቀዪው» አለኝ፤ ዝቅ ብሎ ቢሰቀልም ጥይቱም አብሮት ዝቅ አለ። ከማውቀው ነጋዴ አዲስ ጥይት ገዛሁ፣ ምንም አልተሻለ። ሁልጊዜ ከቅሉ በታች ነው የሚገባ፤ አንድም ቀን ከላይ አልገባም።

እንግዲህ ጥይት አልለምንህም። ሽጉጡንም ስጪ አትበለኝ። የምታውቀውን ንገረኝ። በየወሩ ለማታውቃቸው የሰው ልጆች የምታስተምረውን ለእኔም በወረቀት አስተምረኝ።

እህትህ በዛብሽ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 6 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለእትዬ በዛብሽ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልሱ የዘገየው አኩርፌ እንዳይመስልዎ፤ ወደ ጠረፍ ወርደን ነበር፣ ደብዳቤዎ ጠረጴዛዬ ላይ ሲጠብቀኝ ነው የደረስኩ። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። ስለ ዋርሳው ነገር ባውቅ ኖሮ ያን ምክር አልጽፍም ነበር። መልሼ ወስጄዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራ። ጥይት ቢያረጅ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከጎን ይሄዳል። ሁልጊዜ ከታች ብቻ ከገባ ጥፋቱ የጥይት አይደለም፣ የሰው ነው። ሰውነት ድምፁን ይጠብቅና ቃታው ገና ሲሳብ እጅን ወደ ታች ይጥላል። ተኳሹ ራሱ አያውቀውም፤ ጥይቱ ሲፈነዳ አፈሙዙ ስለሚዘል የእጁ መውደቅ ይሸፈንለታል። ከመምታት ወደ አለመምታት በድንገት የሚወርድ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው ነገሩ። የዳኑ ብዙ አይቻለሁ።

እንዲህ ያድርጉ። ስድስቱን ጉድጓድ እርስዎ አይሙሉ፣ ሌላ ሰው ይሙላ። በአንዳንዱ ጥይት፣ በአንዳንዱ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ይግባበት። የቱ የት እንደገባ እንዳያዩ። ከኋላው ኮረብታ ባለበት ቦታ ብቻ ይሁን፣ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ኮረብታው። ባዶው ላይ ሲደርስ ድምፅ የለም፣ መዝለል የለም፤ እጅዎ የሚሠራው ነገር ራቁቱን ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ሰው ተኳሽ ሲያይ ዐይኑ ዒላማው ላይ ነው፤ የተኳሹን ፊት የሚያይ የለም። ፊትዎን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው ከጎንዎ ያስቀምጡ።

አንድ ጥያቄም ልጨምር። ከመስቀል በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተኮሱት መቼ ነው? ማንስ ነበር አጠገብዎ?

ቅቤውን አልጠይቅም።

ወንድምዎ ወሰኔ


ነቀምቴ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወሰኔ

ዕድሜ ይስጥህ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣው ሹፌር ቅቤ ይዟል፤ ለጋ ነው፣ አንጥሩት። ለገና ይደርስልህ ይሆናል።

ፊቴን የሚያይ ሰው አስቀምጪ ብለህ ስትጽፍ ከድርቤ ሌላ ማን ይመጣል? በሕይወቷ ሌላ ሥራ የላትም፣ ሰው ስታይ ነው የምትውል። በበቅሎ አስቀምጬ ከከተማ ወጣ ካለው ማሳችን፣ ከኮረብታው ሥር ወሰድኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች። «አትግደል ይላል መጽሐፉ» አለችኝ።

«ቅል ነው የምንገድለው፣ ድርቤ።»

«ቅሉን ሳይሆን ባቻን አስበሽ እንዳይሆን!» አለችና ራሷ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጥይቱንና ቀለሁን ከሥሩ ደብቃ፣ ባቄላ እንደምትፈለፍል ሴት እየነካካች ሽጉጡን አጎረሰችው። እጇ የማይንቀጠቀጥ መሆኑ ገረመኝ።

አነጣጠርኩ። ሳብኩ። ቀጭ! ባዶ ነበር። ወሰኔ፣ አፈሙዙ እህል እንደምትለቅም ዶሮ ወደ መሬት ተደፋ። ድምፅ የለ፣ ጢስ የለ፣ የገዛ እጄ ብቻ! ደንግጬ ቆምኩ።

ድርቤ ጮኸች፣ «አንቺ በዛብሽ! ዐይንሽን ጨፈንሽ!»

«አልጨፈንኩም።»

«ጨፍነሻል! ከንፈርሽንም ነክሰሻል። ሐኪሙ መርፌውን ወደ ላይ አድርጎ ሲመጣ እኔ የማደርገውን ነው ያደረግሽ።»

ደገምን። ሲፈነዳም፣ ባዶ ሲሆንም ያው ነው፤ እጄ ከጥይቱ ቀድሞ ይወድቃል። ድርቤ እስክትስል ድረስ ሳቀች፤ ሳሏ እንዳይመለስ ብዬ ውኃ አጠጣኋት። ቀጥዬ አንተ የጻፍከውን ጥያቄ አነበብኩላት። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የተኮስኩት በጨመዳ ቀብር ነው። ያኔ አንተ ጠረፍ ስለ ነበርክ አላየህም። ሣጥኑ ሊወርድ ሲል ወንዶቹ መሣሪያቸውን አወጡ፣ ኦቦ ዋቅወያም «የእርሱንም ሽጉጥ ሚስቱ ታሰማለት፣ ቤቱ ባዶ እንዳይመስል» አለ። እንደ ወንድ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ክንዴን ሳነሣ ባቻ ከጎኔ ምንሽር ጠመንጃውን ተኮሰ፤ አፈሙዙ ከጆሮዬ ስንዝር አይርቅም። ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነ። የእኔን ተኩስ አልሰማሁትም፤ አፈሩ ሣጥኑ ላይ ሲወድቅም አልሰማሁም። ጆሮዬ እስከ ክረምት ጮኸ። ለማንም አልተናገርኩም፣ በዚያ ሰሞን ስለ ጆሮ ማን ያወራል? ከዚያ ወዲህ ክንዴን ባነሣሁ ቁጥር ሰውነቴ ያን ምንሽር ነው የሚጠብቅ።

ድርቤ ጠየቀችኝ፣ «ያን ቀን አልቅሰሻል?»

«ሽጉጥ የያዘ ሰው እንዴት ያለቅሳል?» አልኳት።

«እንግዲያው ስጪኝ» አለችና ሽጉጡን ተቀብላ ከነጠላዋ ሥር አስገባችው። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና፣ ወሰኔ፣ የሚያዝያን እንባ በታኅሣሥ አለቀስኩ። አላባበለችኝም። በኋላ ሽጉጡን አውጥታ «በይ ተነሺ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው፤ እኔም ብርድ አይስማማኝም» አለች።

በዚያው ዳንኩ ብዬ አልዋሽህም። በማግስቱም እጄ ወደቀ። ግን አሁን ሲወድቅ አውቀዋለሁ፤ የማውቀውን ነገር እገራዋለሁ፣ በቅሎ ገርቼ የለ? በየቀኑ እንወጣለን፣ አብዛኛው ባዶ ነው። ድርቤ ፊቴን እያየች «ጨፈንሽ… ጨፈንሽ… ግማሹን ጨፈንሽ…» ትላለች። ትናንት ቀጭ ሲል አፈሙዙ ባለበት ቀረ። ድርቤ «ጋሪዳ» አለች፣ ደግ ነው ማለቷ ነው። ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ምርቃት አልሰማሁም።

እህትህ በዛብሽ


ድሬዳዋ
ጥር 3 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለእትዬ በዛብሽ

ቅቤው ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህ ወረቀት ከጥር ሚካኤል በፊት ይድረስዎ አይድረስዎ አላውቅም፤ ለባቡር ሠራተኛ ለምኜ ነው የምሰጠው።

ቀብሩ ላይ ስላለመኖሬ ምንም ብጽፍ አይመጥንም። ስለ ተኩሱ ግን አንድ ቃል ብቻ፦ ከተኮሱ በኋላ ቅሉን ለማየት አይቸኩሉ። ቃታው ከተሳበም በኋላ እጅዎ እንዳለ ይቆይ። የቀረውን እርስዎ ያውቁታል፤ ያን ቀን ምልምሎቼን የማስተምራቸው ስለ እርስዎ ነው።

ወንድምዎ ወሰኔ


ነቀምቴ
ጥር 15 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወሰኔ

ወረቀትህ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ። ግን ግድ የለም፣ ያልከውን ሳላነበው አድርጌዋለሁ።

የጥር ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሜዳው ጤፍ ቢጥሉ አይወርድም ነበር። ቅሉ ተሰቀለ። ኦቦ ዋቅወያ «አንዲት ጥይት ብለናል» ብሎ አስታወሰ። እኔ ሽጉጡን ከመቀነቴ አወጣሁ፣ ከፈትኩት፣ ባዶ መሆኑን አሳየሁ፤ ከዚያ ወደ ባቻ ሄጄ ከአንዲቷ ጥይት ጋር እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ደነገጠ። «ምን ማለትሽ ነው? ተውሽው?»

«አልተውኩም። አንተ አጉርሰው። የትኛው ጉድጓድ እንዳስገባሃት ግን አትንገረኝ።»

አንዱ «ይህ በውሉ የለም!» ሲል ኦቦ ዋቅወያ «ጥይቱ አንድ ይሁን አልን እንጂ ቃታው ስንት ጊዜ ይሳብ መች አልን?» አለ። ሽማግሌ መሆን ደስ ይላል። ባቻ ጀርባውን ሰጥቶኝ አጎረሰ፣ መዘውሩን አሽከረከረ፣ መለሰልኝ። ከጎኔም ቆመ፣ እንደዚያ እንደ ቀብሩ ቀን።

ክንዴን አነሣሁ። ቀጭ! «ከሸፈ!» ብለው ሳቁ። አፈሙዙ አልተነቃነቀም። እንደገና ቀጭ! የሳቀው ጥቂት ነው። እንደገና ስስብ ሳቅ የለም፤ የድርቤ ሳል ብቻ ተሰማ። ዐይኔ ክፍት ነበር፣ ወሰኔ። በጫፉ ላይ ያለችውን የማነጣጠሪያ ጉጥ እንደ ስንዴ ቅንጣት ለይቼ አየኋት። ባቻን በጎን አየሁት፤ አገሩ ሁሉ ቅሉን ሲያይ እርሱ ብቻ ፊቴን ያይ ነበር። ሳብኩ፤ መች እንደሚፈነዳ ሳላውቅ ፈነዳ። ክንዴን አላወረድኩም። የቅሉ ስብርባሪ መሬት ላይ ሲንኳኳ ሰማሁት። በሁለቱም ጆሮዬ!

እልልታውን አልነግርህም፣ ድሬዳዋ ሳይሰማ አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሰው አልተለየውም። የኔታ መጥተው «ጸበሉ ነው» አሉ፤ እርስዎ እንዳሉ ይሁን ብዬ ሸኘኋቸው። ታፋ መጥቶ «ከእንግዲህ ድርቤ ቤት መዋል እንቢ ትለኛለች» ብሎ አማረረ፣ ግን እየሳቀ ነው። ኦቦ ዋቅወያ መጥቶ ሽጉጡን በሁለት ሽማግሌዎች ፊት በእጄ አስያዘኝና «ጨመዳ ለማን እንደሰጠ ያውቅ ነበር» አለኝ።

ትናንት ወደ ማታ ባቻ መጣ። አልገባም። ከአጥሩ በር ውጭ ቆሞ «ወራ መና!» ብሎ ተጣራ፣ እንግዳ ሰው ቤቶች ብሎ እንደሚጣራ። ወጣሁ። ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ነበር።

«ድርቤ ስለ ጆሮሽ ነገረችኝ» አለ። «እንኳን ጆሮሽን ራስሽንም አላየሁ። ያን ቀን የማየው ሣጥኑን ብቻ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩት። እውነትም አውቃለሁ።

ግባ አልኩት፣ አመሰግናለሁ ብሎ እዚያው ቆመ። ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። «አዴ በዛብሽ፣ ኑኑ ቁምባ የምትወርጂው መቼ ነው?»

«ሰኞ። ምነው?»

«ሁለት በቅሎ አለኝ» አለ። «መንገዱ ላይ ብቻቸውን ልልካቸው ፈራሁ። ከአንቺ ኋላ ይሰለፉልኝ።»

እህትህ በዛብሽ